ደረት ሳይከፈት ልብን ማከም፤ ችግር የደረሰ እንደ ሆነስ?

በጭን የደም ሥር የገባ ቀጭን ቱቦ ልብ ድረስ ዘልቆ የተበላሸውን አበጅቶ ተመለሰ፤ በሽተኛውም በማግሥቱ በእግሩ እየሄደ ወደ ቤቱ ገባ ቢባል፥ አያቶቻችን ተረት ነው ባሉ ነበር። ዛሬ ግን ይህ ሥራ በታላላቆቹ የዓለም ሆስፒታሎች የዕለት ተግባር ሆኗል። ስለዚሁ ጥበብ የሚጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ተሳካው ሥራ የሚናገር ነው። እኛ ግን በዛሬው እሑድ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ሌላውን ገጽ ነው። ሐኪሙ በሕፃን ልብ ውስጥ ሽቦና ቱቦ አስገብቶ ሳለ ያልታሰበ ነገር የደረሰ እንደ ሆነ ምን ያደርጋል? ያስቀመጠው መሣሪያ ቢያመልጠው፥ የደም ሥሩ ቢቀደድ፥ የልቡ ትርታ ቢዛባ ማን ምን ይላል? ማንስ ምን ለማምጣት ይሮጣል?

አስቀድሞ ስለ በሽታው ጥቂት ቃል እንበል። ከሚወለዱት ሕፃናት መካከል ከመቶው አንዱ ያህል በልቡ አሠራር ላይ ጕድለት ይዞ ይወለዳል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ቀላል ናቸው፤ አንዳንዱም ያለ ሕክምና በራሱ ጊዜ ይድናል። የቀሩት ግን እንደየዐይነታቸው ያስጨንቃሉ። የላይኞቹን ሁለት የልብ ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ይገኛል፤ ወይም ደም ወደ ሳንባ የሚያሳልፈው በር፥ ሐኪሞቹ ቫልቭ የሚሉት፥ ተጣብቆ ይጠባል፤ ወይም ከልብ የሚወጡት ሁለቱ ታላላቅ የደም ቧንቧዎች ቦታ ተለዋውጠው ይገኛሉ። ሌላም አለ። ሕፃኑ በማሕፀን ሳለ ሳንባው ገና ሥራ ስለማይሠራ፥ ደሙ ሳንባውን ትቶ በአቋራጭ የሚያልፍበት አንድ አጭር ቧንቧ አለው። ይህ ቧንቧ ሕፃኑ ተወልዶ መተንፈስ ከጀመረ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ይዘጋል፤ እንዲዘጋ ከሚያደርጉትም ነገሮች አንዱ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን መጨመሩ ነው። ከዚህም የተነሣ አየሩ በሳሳበት ተራራ ላይ በሚወለዱ ሕፃናት ቧንቧው ሳይዘጋ የሚቀርበት ጊዜ ከቈላው ይልቅ እንደሚበዛ በፔሩ ተራሮች የተደረገው ጥናት አስረድቷል። የእኛ አገር ደጋ የፔሩን ተራሮች ያህል ባይረዝምም፥ ነገሩ ለደጋ ሰው የባዕድ ወሬ አይደለም።

ቱቦ በደም ሥር ወደ ልብ የመስደድን መንገድ የከፈተው ቨርነር ፎርስማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። በ1929 ዓ. ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ፎርስማን ኤበርስቫልደ በምትባል ከተማ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ወጣት ሐኪም ነበር። አሳቡን ለአለቃው ቢነግረው እንዳይሞክረው ከለከለው። እርሱም መሣሪያዎቹ በእጅዋ የነበሩትን ነርስ አግባባት፤ እርስዋም ሙከራው በእኔ ላይ ይሁን ብላ ፈቀደች። ነገር ግን በጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ ካሰራት በኋላ ዘወር ብሎ የራሱን ክንድ በጣ፤ 65 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቱቦም በደም ሥሩ ውስጥ እየገፋ አስገባ። ከዚያም ቱቦው ከክንዱ እንደ ተንጠለጠለ ደረጃውን ወርዶ ወደ ራጅ ክፍል ሄደና፥ ጫፉ ልቡ ውስጥ መድረሱን በራጅ ፎቶግራፍ አስመሰከረ። በጊዜው ያተረፈው ነቀፌታ ነበር፤ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ከ27 ዓመት በኋላ፥ በ1956፥ ከአንድሬ ኩርናንና ከዲኪንሰን ሪቻርድስ ጋር ነው።

ወጣቶች ይህን ታሪክ ሲያነቡ የሚማርካቸው የሰውዬው ድፍረት ነው። እኛ ግን ደጋግመን የምናስበው ያችን በጠረጴዛ ላይ የታሰረች ነርስ ነው። ቱቦው በዚያች ደቂቃ የፎርስማንን የልብ ትርታ አዛብቶት ቢሆን ኖሮ ማን ይደርስለት ነበር? በክፍሉ ውስጥ የነበረችው አንዲት ረዳት እጅዋን ታስራለች። እርሱ የሞከረው በገዛ ራሱ ላይ ነውና ይሁን እንበል። በሌላ ሰው ልጅ ላይ ግን እንዲህ ያለው ድፍረት ወንጀል ይሆናል። ዛሬ በዚህ ሥራ የተካኑት ሐኪሞች ሁሉ የሚከተሉት ሕግ የፎርስማን ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም መመለሻው ሳይዘጋጅ አይገባም የሚል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ በአጭሩ እንለፈው። በ1966 ዊልያም ራሽካይንድ የተባሉ የፊላዴልፊያ ሐኪም ታላላቆቹ ቧንቧዎች ቦታ ለተለዋወጡባቸው አራስ ሕፃናት አንድ ዘዴ አስታወቁ። ጫፉ ላይ ፊኛ ያለበት ቱቦ ወደ ልብ አስገብተው፥ ፊኛውን ነፍተው፥ በድንገት ወደ ኋላ ሲስቡት የላይኞቹ ክፍሎች ግድግዳ ይቀደዳል፤ በዚያም ቀዳዳ ንጹሑና ያልተጣራው ደም ይቀላቀልና ሕፃኑ እስከ ቀዶ ጥገናው ቀን ነፍሱን ያቆያል። ልብን ለማዳን ልብን መቅደድ! በ1967 ፖርስትማን በምሥራቅ በርሊን ያን ያልተዘጋ ቧንቧ ያለ ቀዶ ጥገና በውታፍ መድፈናቸውን ገለጹ። በ1976 ኪንግና ሚልስ የተባሉ አሜሪካውያን የግድግዳውን ቀዳዳ በጥንድ ዣንጥላ መሰል መሣሪያ መዝጋታቸውን አስታወቁ። በ1982 ዶክተር ጂን ካንና ባልደረቦቻቸው በባልቲሞር የጠበበውን የሳንባ በር በፊኛ አሰፉ። በ2000 ደግሞ ፊሊፕ ቦንሄፈር በፓሪስ አዲስ ቫልቭ በቱቦ ወስደው በአንድ የ12 ዓመት ልጅ ልብ ላይ ተከሉ።

እንግዲህ ነገሩ በዐይን እንዲታይ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ እናስብ። በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለባት። ከጓደኞችዋ ጋር ስትሮጥ ቶሎ ይደክማታል፤ ሳልም ይደጋግማታል። በሕክምናው ቀን ማደንዘዣ ተሰጥቷት ትተኛለች። ሐኪሙ በጭንዋ ደም መላሽ ሥር በኩል እንደ ሰይፍ ሰገባ ያለ ማስገቢያ ቱቦ ይሰዳል፤ በራጅና በድምፅ ሞገድ ልብን በሚያሳየው መሣሪያ (ኤኮ በሚባለው) እየተመራም በቀዳዳው አሳልፎ ወደ ግራው የልብ ክፍል ያደርሰዋል። መዝጊያው መሣሪያ ኒኬልና ቲታኒየም ከተቀላቀለበት ኒቲኖል ከሚባል ሽቦ የተጠለፈ ነው፤ ይህን ዐይነቱን ያወጡት በሚኒሶታ ይሠሩ የነበሩት ኩርት አምፕላትዝ ሲሆኑ፥ የአሜሪካ መንግሥት በ2001 ለዚሁ ሥራ እንዲውል ፈቅዶላቸዋል። ሽቦው በቱቦ ውስጥ ሲሳብ እንደ ገመድ ይቀጥናል፤ ከቱቦው ሲወጣ ደግሞ የቀድሞ መልኩን ይይዛል። መልኩም ሁለት ራስ እንዳለው የሸሚዝ እጅጌ ቍልፍ ነው። አንዱ ራስ በግራው ክፍል፥ ሁለተኛው በቀኙ ክፍል ይዘረጋና ግድግዳውን መካከል አድርገው ይቈልፉታል።

አሁን አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። መሣሪያው በአንድ ረዥም የብረት ገመድ ጫፍ ላይ በብሎን ታስሯል። ብሎኑ እስካልተፈታ ድረስ ሐኪሙ ሁሉን ነገር መመለስ ይችላል፤ መሣሪያው ቢጠብ፥ ቢሰፋ፥ ቢያጋድል ወደ ሰገባው ስቦ ያወጣዋል። ስለዚህ ብሎኑን ከመፍታቱ በፊት መሣሪያውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየነቀነቀ ይፈትነዋል፤ ሐኪሞቹ ይህን በቀልድ መልክ «የሚኒሶታ ውዝዋዜ» ይሉታል። ኤኮውን የያዘው ሐኪም ደግሞ ጠርዙን ሁሉ ዙሪያውን ይመለከታል። ቀዳዳው በሁሉም በኩል ተይዟልን? የልቡ በር ሲከፈትና ሲዘጋ አይነካውምን? አንዱ እንኳ «እኔ ይህ ጠርዝ አላማረኝም» ካለ መሣሪያው ይመለሳል፤ ሥራውም እንደገና ይጀመራል። አንድ ሰዓት ይጨምራል። ይጨምር! የዚህን ሙያ ሰዎች የምንመዝንበት ሚዛን ፍጥነታቸው አይደለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም፥ ብሎኑ ከተፈታ በኋላ፥ መሣሪያው ከቦታው የሚለቅበት ጊዜ አለ። ከመቶው በአንዱ ገደማ፥ ወይም ከዚያ ባነሰው፥ የሚደርስ ነገር ነው። ጠርዙ ሳስቶ መያዣ ያጣል፤ ወይም የቀዳዳው ልክ አልተገኘም። በስክሪኑ ላይ ያ ክብ ነገር ድንገት ይገለበጥና ከደሙ ጋር ይሄዳል። ወዴት? ወይ ወደ ሳንባ የሚወስደው ቧንቧ፥ ወይ ወደ ግራው የታችኛው ክፍል፥ አልፎም ወደ ታላቁ የደም ቧንቧ ወደ አኦርታ። በዚህ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል።

የመጀመሪያው ትእዛዝ አትቸኵሉ የሚል ነው። የልጅትዋ የደም ግፊት ደኅና ነው ወይ? የልብዋ ትርታስ? ደሙ በመሣሪያው ላይ እንዳይረጋ የሚከለክለው ሄፓሪን የተባለው መድኃኒት በበቂ መጠን ተሰጥቷል ወይ? ይህ ከተረጋገጠ በኋላ ነው ማጥመዱ የሚጀመረው። ማጥመጃው ሸምቀቆ ነው፤ አዎን፥ እረኞች ቆቅ እንደሚይዙበት ያለ ሸምቀቆ፤ ነገር ግን ከፀጕር እምብዛም ከማይወፍር ሽቦ የተሠራና በቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ነው። ሐኪሙ ሸምቀቆውን በመሣሪያው ብሎን ራስ ላይ ይጥልና ይስበዋል። መሣሪያው ተመልሶ ወደ ቱቦ እንዲገባ ደግሞ የሚገባበት ቱቦ መጀመሪያ ከወጣበት ሰፋ ያለ መሆን አለበት፤ ታጥፎና ተንሻፎ ይመጣልና። ይህን ያልሰማ ሐኪም ሸምቀቆውን አጥብቆ ይይዝና መውጫ ያጣል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። መሣሪያው በታችኛው የልብ ክፍል ውስጥ ከተቀረቀረ በኀይል ጎትቶ በበሩ ማውጣት አይገባም። የልብ በሮች እንደ ድንኳን በቀጫጭን ጅማቶች የተወጠሩ ናቸው፤ ጅማቱ ከተበጠሰ ቀዳዳ ልዝጋ የተባለው ሕክምና ከቀዳዳው የባሰ ጕዳት ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ መሣሪያውን በዘዴ ወደ ሰፊው ቧንቧ አሻግሮ፥ እዚያ መያዝ ይሻላል። ይህም ካልሆነ መሸነፍን ማወቅ ያስፈልጋል። «ደረትዋ ይከፈት» የሚለውን ቃል በጊዜ መናገር ከሐኪሙ የሚጠበቅ ጀግንነት ነው፤ ለዚህም የቀዶ ጥገናው ቡድን በቅርብ መኖር አለበት። ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚናገረው ሰው ያችን ሁለት ሰዓት የወሰደው ከልጅትዋ ነው።

ከመሣሪያ ማምለጥ ይልቅ ሐኪሞቹን የሚያስፈራቸው ግን የልብ መበሳት ነው። ሽቦው ወይም ቱቦው የልብን ግድግዳ የወጋ እንደ ሆነ፥ ደሙ ልብን በሸፈነው ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። ከረጢቱ ቶሎ አይለጠጥም፤ ስለዚህ ልብ በገዛ ደሙ ይታነቃል። ምልክቱ የደም ግፊት መውረድ ነው፤ በራጁም ላይ ይመታ የነበረው የልብ ጠርዝ ፀጥ ይላል። ሕክምናው ከደረት አጥንት ጫፍ ሥር መርፌ አስገብቶ ደሙን መቅዳት ነው። የተቀዳውም ደም አይደፋም፤ በመርፌ ተመልሶ በደም መላሽ ሥርዋ ይሰጣል። ሄፓሪኑንም የሚሽር ፕሮታሚን የሚባል መድኃኒት አለ። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፤ መርፌው በክፍሉ ውስጥ ካለ ማለታችን ነው። መርፌው በሌላ ፎቅ፥ በተቈለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ከሆነ ሌላ ታሪክ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ቍጥር መጥቀስ ይገባናል። የአንድ አራስ ሕፃን ደም ለእያንዳንዱ ኪሎ 80 እስከ 85 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን እንግዲህ በመላ አካሉ ያለው ደም ሩብ ሊትር ይሆናል፤ አንድ ብርጭቆ ማለት ነው። ለትልቅ ሰው ምንም ያልሆነው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደም ለዚህ ሕፃን ከጠቅላላ ደሙ ዐሥር እጅ አንዱ ነው። ስለዚህ በየምርመራው የሚቀዳው ጠብታ ሳይቀር ይጻፋል። የሚሰጠውም ደም አስቀድሞ ተመርምሮ በቅርብ ይቀመጣል። ሕፃኑ እንዳይበርደው ከሥሩ ማሞቂያ ይነጠፋል፤ በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ ራቁቱን የተኛ አራስ ሙቀቱ ሲወርድ ልቡም ይሰንፋልና።

የቀሩትን በፍጥነት እንለፋቸው። ቱቦው የልብን ግድግዳ ሲነካ ትርታው ሊዛባ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቱቦውን ትንሽ መለስ ማድረግ ይበቃል፤ ካልበቃም ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስተካክለው መሣሪያ ሰሌዳዎች ሥራው ከመጀመሩ በፊት በደረቱ ላይ ተለጥፈው ይጠብቃሉ። የኤሌክትሪኩም ሆነ የመድኃኒቱ መጠን በልጁ ኪሎ ስለሚሰላ፥ ስሌቱ አስቀድሞ በወረቀት ተጽፎ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በጭንቅ ሰዓት ማባዛት የሚሳነው የተማረ ሰው ብዙ ነው! የአየር አረፋም አለ፤ በግራው የልብ ክፍል በኩል ያመለጠች አንዲት አረፋ ልብን ራሱን ወደሚመግበው የደም ሥር ወይም ወደ አንጐል ልትሄድ ትችላለች። መከላከያው ቱቦውን ከልብ ዝቅ አድርጎ ደም እስኪንጠባጠብ መጠበቅ፥ በጨው ውሃም ደጋግሞ ማጠብ ነው። እጅግ ተራ የሆነ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሚሰለቸው ሰው በዚህ ክፍል ባይገባ ይሻላል።

አንዳንዱ አደጋ ደግሞ ከመድረሱ በፊት ተፈልጎ የሚገኝ ነው። ለምሳሌ ቦንሄፈር የጀመሩት የሳንባ ቫልቭ ተከላ ሲሠራ፥ አዲሱ ቫልቭ የሚያርፍበት ቦታ ልብን ከሚመግቡት የደም ሥሮች አጠገብ ሊሆን ይችላል። ቫልቩ ተነፍቶ ሲቀመጥ ሥሩን ከተጫነው ልብ ምግቡን ያጣል። ስለዚህ ቫልቩ ከመተከሉ በፊት በዚያው ቦታ ላይ ፊኛ ይነፋና በሥሩ ውስጥ ቀለም ተረጭቶ በራጅ ይታያል። ከሃያ በሽተኞች በአንዱ ያህል ሥሩ እንደሚጫን ይገኛል፤ ለእነዚያም ቫልቩ በቱቦ አይተከልም። ይህን ፈተና ያለፈ በሽተኛ ምንም አልደረሰበትም ይባላል። ያልደረሰበትም ምክንያት እንዳለ የሚያስታውስ ግን የለም።

አሁን በመሥሪያ ቤት ለተቀመጡት ወጣት አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ብንናገር ቅር አይበላቸው። ያ ሸምቀቆ፥ ያ ሰፊ ቱቦ፥ የተቀደደ ሥር ከውስጥ የሚለብስ ሽፍን ቱቦ፥ እነዚህ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ፥ የአገልግሎት ጊዜያቸው የተወሰነና ብዙውን ጊዜ ሥራ ላይ ሳይውሉ የሚያረጁ ዕቃዎች ናቸው። በሞዴል 19 ገብቶ ዓመት ሙሉ በሞዴል 22 ያልወጣ ዕቃ በሒሳብ መርማሪ ዐይን ብክነት ይመስላል። በዓመቱ መጨረሻ የግዥው ዝርዝር ሲቀነስ የመጀመሪያው ሰለባ እርሱ ይሆናል፤ የሚቀንሰውም ሰው መጥፎ ሰው አይደለም፤ የተማረውን ነው የሠራው። ነገር ግን መዝጊያውን ገዝቶ ሸምቀቆውን መተው፥ ገመድ ሳይዙ ጕድጓድ እንደ መውረድ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ የምንመዝነው ስንት ጊዜ እንደ ወጣ በመቍጠር ሳይሆን፥ የተፈለገ ቀን ባይኖር ምን ይሆን ነበር ብለን በመጠየቅ ነው። ስለ እሳት ማጥፊያው በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መዋል እኮ ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም።

ዕቃው ቢሟላም ሰው ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ለቀዶ ጥገና ክፍሎች ያወጣው የጥንቃቄ ዝርዝር 19 ነጥቦች አሉት። ከእነዚህም አንዱ በክፍሉ ያሉት ሰዎች ሁሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ስማቸውንና ሥራቸውን እንዲናገሩ ያዛል። ዋዛ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ድምፅዋን ያሰማች ታናሽ ነርስ ሁለተኛ ጊዜ ለመናገር አትፈራም። በእኛ አገር ልማድ ታላቅ ሲሠራ ታናሽ ዝም ይላል፤ ይህም በማዕድ ፊት ያማረ ነገር ነው። በራጅ ስክሪን ፊት ግን «ጌታዬ፥ ግፊቱ እየወረደ ነው» የምትለዋ ነርስ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ከምትናገረዋ ነርስ ትለያለች፤ የልጁም ዕድል ያለው በዚያች ደቂቃ ውስጥ ነው።

ከዚያም መጻፍ አለ። በአሜሪካ ከቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ጋር የተባበሩ ሆስፒታሎች ከ2007 ጀምሮ በሕፃናት ልብ ላይ በቱቦ የሚሠራውን ሥራና የደረሰውን ችግር ሁሉ በአንድ መዝገብ ሲያከማቹ ኖረዋል። ችግሩንም በአምስት ደረጃ ይከፍሉታል፤ የመጀመሪያው በበሽተኛው ላይ ምንም ለውጥ ያላመጣ ሲሆን፥ አምስተኛው ሞት ወይም ሞትን ለማስቀረት አስቸኳይ ቀዶ ጥገና የጠየቀ ነው። ከዚህም ጋር እያንዳንዱ ችግር ሊቀር ይችል ነበር ወይስ አይችልም ነበር ተብሎ ይጠየቃል። እኛ ያደነቅነው አንደኛውን ደረጃ ነው። ማንንም ያልጐዳ ነገር ለምን ይጻፋል? ዛሬ ማንንም ሳይጐዳ ያለፈው ስሕተት ነገ አራተኛ ደረጃ ሆኖ ስለሚመለስ ነው። «በእኔ እጅ እስከ ዛሬ ምንም ደርሶ አያውቅም» የሚል ሐኪም ያጋጠመው አንባቢ ቢኖር፥ ሰውዬው ስንት ሕፃናት እንዳከመ በትሕትና ይጠይቀው።

በአገራችን የልብ ጕድለት ያለባቸው ሕፃናት ለብዙ ዘመን ሕክምና የሚያገኙት ወደ ውጭ አገር በመላክ ነበር። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የሕፃናት ልብ መርጃ ድርጅት ከብዙ ድካም በኋላ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማእከል አቁሞ በ2009 ሥራ አስጀምሯል። በእስራኤል አገር በሆሎን ከተማ በ1995 የተመሠረተው ሕፃናትን የሚያክም የልብ ድርጅትም ሥራውን የጀመረው ከኢትዮጵያ በመጡ ሁለት ሕፃናት ነው። በወረፋ መዝገብ ላይ የሚጠብቀው ስም በሺህ የሚቈጠር መሆኑ ደጋግሞ የተነገረ ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ ሕፃናትን በቶሎ ለማዳረስ መጓጓት ያለ ነገር ነው። ከውጭ የሚመጡ የሐኪሞች ቡድኖችም በሳምንት ውስጥ ብዙ ሥራ ሠርተው ይሄዳሉ፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ መሣሪያው ቢንቀሳቀስ ሸምቀቆውን የሚጥለው እጅ እዚሁ የሚኖር እጅ መሆን አለበት። ስለዚህ የሰለጠነ ሰው ማፍራት ማለት መዝጊያ ማስቀመጥን ብቻ ማስተማር አይደለም፤ ማውጣቱንም ጭምር ነው።

ችግር የሚደርሰው በጠረጴዛው ላይ ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። የግድግዳውን ቀዳዳ የዘጋው መሣሪያ፥ እጅግ በጥቂቱ፥ ከሺህ በሽተኞች ከአንድ እስከ ሦስት በሚሆኑት ላይ፥ የልብን ግድግዳ ቀስ በቀስ ፍቆ ሊበሳው ይችላል። ይህም በቀናት፥ በወራት፥ አንዳንድ ጊዜም በዓመታት ውስጥ የሚደርስ ነው። ስለዚህ ወላጆች ልጃቸው በድንገት ደረቴን አመመኝ ብትል፥ ብትዝለፈለፍ ወይም ትንፋሽ ቢያጥራት «ያ ነገር ድኗል» ብለው እንዳይቀመጡ፥ ይልቁንም መሣሪያ በልብዋ እንዳለ ለመጀመሪያው ሐኪም እንዲናገሩ በሚገባቸው ቋንቋ ይነገራቸዋል። መሣሪያውን የሚገልጽ ካርድም ይሰጣቸዋል። ካርዱ ከክትባት ወረቀቱ ጋር በሣጥን ይቀመጣል እንጂ ለመታሰቢያ አይደለም።

ወደ ልጅትዋ እንመለስ። መሣሪያው በቦታው ጸንቶ ተቀምጧል፤ ቱቦው ወጥቷል፤ ሐኪሙም የጭንዋን ቀዳዳ በጣቱ ተጭኖ ደሙ እስኪቆም ጠበቀ። አሁን በአልጋዋ ላይ እግርዋን ዘርግታ ሳታጥፍ መተኛት አለባት፤ ለስድስት ዓመት ልጅ ከሁሉም የከበደው ሕክምና ይህ ይመስለናል። እናትዋ አጠገብዋ ተቀምጠዋል።

«ዶክተር፥ ይህ ብረት ልጄ ስታድግ አይጠባትም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ።

«አይጠባትም፥ እናቴ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሥጋ ይለብሰዋል። እስከዚያ ድረስ ግን ይህን ኪኒን በየቀኑ እንዳይረሱት።»

ነርስዋ በየሩብ ሰዓቱ ትመጣለች። ብርድ ልብሱን ከእግርዋ ገለጥ ታደርግና ሁለቱን እግሮች በመዳፍዋ ይዛ ታመዛዝናለች፤ አንዱ ከሌላው የቀዘቀዘ እንደ ሆነ በጭንዋ ሥር ደም ረግቷል ማለት ነው፥ ሐኪሙም ይጠራል። ከዚያም በእግርዋ ጀርባ ላይ ሁለት ጣትዋን አሳርፋ ትርታውን ታዳምጣለች፤ ሰዓትዋን አይታ በወረቀቱ ላይ ትጽፋለች። ልጅትዋ እግርዋን ስለ ኮረኮራት ትስቃለች።